ይውረድልን፦ የአሰልጣኝ ምሬት በመሀል አዲስ አበባ

በአዲስ አበባ እምብርት፣ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ድረስ፣ ኳስ ወዳዱ ክለቡ ሲሸነፍ ቁጣውን ቀድሞ የሚያሳርፈው አሰልጣኙ ላይ ነው። ልማዱ የዓለም ሁሉ ቢሆንም የአዲስ አበባው የራሱ መልክ አለው። እዚህ አንድ ደጋፊ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክለብ ይይዛል፦ አንዱ የአገር ቤት፣ ሌላው የእንግሊዝ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ሁለት አሰልጣኝ አባርሮ ሰኞ በሰላም ሥራ የሚገባ ሰው ብርቅ አይደለም። የአገር ቤቱ አሰልጣኝ ጩኸቱን በጆሮው ይሰማ ነበር፤ የእንግሊዙ ግን ፒያሳ የምትባል ሰፈር መኖሯንም ላያውቅ ይችላል። ባለፉት ዓመታት ግን በሁለቱ ምሬቶች መካከል የነበረው ልዩነት እየጠበበ መጥቷል።

ስታዲየሙ

የዚህ ምሬት ዋና መድረክ ለረጅም ዘመን ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው አዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት ግብጽን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሜዳ ጠርዝ የቆመ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሁሉ ወደደም ጠላም በዚያ ቀን ሚዛን ሲመዘን ኖሯል።

ተመልካቹ የስታዲየሙን መቀመጫዎች በስማቸው ያውቃቸዋል፦ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። ምሬቱም እንደ መቀመጫው ይለያያል። ጥላ ፎቅ ያለው ከፍሎ የገባና ፀሐይ የማይነካው በመሆኑ ረጋ ብሎ፣ ጎረቤቱን ክንዱን ይዞ ይተነትናል። ፀሐይ ላይ የቆመው ደግሞ ትንታኔውን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል።

ቁጣው በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ደረጃ አለው። መጀመሪያ የሚነሣው አሰላለፉ ነው። ገና ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ «እሱን ለምን አስቀመጠው?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቡድኑ ግብ ሲቆጠርበት ቅያሪ ይጠየቃል። አሰልጣኙ በ75ኛው ደቂቃ ሲቀይር «አሁን ነው የነቃኸው?» ይባላል። ተቀይሮ የገባው ልጅ ግብ ካስቆጠረ ምስጋናው ለልጁ ይሆንና ለአሰልጣኙ የሚተርፈው «ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አላስገባውም?» የሚለው ወቀሳ ነው። በዚህ ሒሳብ አሰልጣኝ የሚያተርፍበት መንገድ የለም።

ሦስትና አራት ጨዋታ ያለ ድል ሲያልፍ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ፉጨቱ ከተጫዋቾቹ ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ይዞራል፤ «ይውረድ» የሚለው ጥሪ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ መቀመጫ ለመቀመጫ ይዛመታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ትቶ መሄድ ነው። ደጋፊው ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማሊያውን ያወልቃል፣ አጣጥፎ በብብቱ ይይዛል፣ ወደ ለገሃር ታክሲ ያመራል። ማሊያው የሚወልቀው ለሙቀት ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ የተቃራኒ ክለብ ደጋፊ እንዳያውቀው ነው። ምሬቱ ወደ ስድብ ሲሻገር ደግሞ ዕዳው ወደ ክለቡ ይዞራል፤ የሊጉ የዲሲፕሊን አካል ደጋፊዎቻቸው የተሳደቡባቸውን ክለቦች በገንዘብ ይቀጣል። አሰልጣኙን ሊያባርር የጮኸው ሰው የክለቡን ካዝና ያራቁታል ማለት ነው።

ሁለት ክለብ፣ ሁለት ዓይነት ትዕግሥት

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተ፣ በሊግ ዋንጫ ብዛት በአገሪቱ ወደር የሌለው ክለብ ነው። ዋንጫ ለለመደ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ቀውስ ነው፤ ስለዚህ የጊዮርጊስ ደጋፊ ትዕግሥት አጭር ነው። ክለቡ ከሰርቢያዊው ሚሉቲን ስሬዶዬቪች (ሚቾ) ጀምሮ ብዙ የውጭ አሰልጣኞችን አምጥቷል። በሆላንዳዊው ማርት ኑይ ዘመን፣ በ2009 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ፖርቱጋላዊው ቫዝ ፒንቶም እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሆልም መጥተው የሊጉ ዋንጫ ወደ ሌላ ቤት ሄደ፦ በ2010 ወደ ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 ወደ መቐለ 70 እንደርታ፣ የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ በ2013 ወደ ፋሲል ከነማ። የጅማውንም የመቐለውንም ዋንጫ ያነሣው አሰልጣኝ ያው ገብረመድኅን ኃይሌ መሆኑ የጊዮርጊስን ደጋፊ ይበልጥ አበሳጨ፤ «ለባዕድ በዶላር ከምንከፍል እዚሁ ያለውን ብንይዝስ?» የሚለው ክርክርም ከፍ አለ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በቀድሞው ተጫዋቹ በዘሪሁን ሸንገታ መሪነት ተከታታይ ዋንጫ ሲመጣ ክርክሩ ያለቀ መሰለ። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫው ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲሄድ እንደ ገና ተጀመረ።

የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ጠባይ ሌላ ነው። ክለቡ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ነው። ዋንጫ ያልጠገበ ደጋፊ ከዋንጫ ሌላ የሚኮራበት ነገር ይፈልጋል፤ ቡና ያንን ያገኘው በአጨዋወቱ ነው። ኳስ ከእግር ወደ እግር ካልሄደ፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም የሚያጉረመርም ደጋፊ እዚያ አለ። ይህ ፍቅር በሚገባ የተፈተነው የክለቡ የቀድሞ አማካይ ካሳዬ አራጌ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ነው። ካሳዬ ከግብ ጠባቂው ጀምሮ ኳስን መሥርቶ መውጣትን እንደ ሃይማኖት ያዘ። በ2013 ዓ.ም. ቡና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አቡበከር ናስርም 29 ግብ አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ ውጤቱ ሲዋዥቅ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። በግብ ክልሉ ውስጥ ኳስ ሲቀባበሉ ተነጥቀው ግብ በተቆጠረባቸው ቁጥር ግማሹ «ይህ ነው ኳስ፣ ታገሡ» ሲል ግማሹ ጭንቅላቱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ካሳዬ በ2014 መጨረሻ ሲለይ የወቀሰው ያህል የናፈቀውም ብዙ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ከተማ ስለ ኳስ አጨዋወት ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ ፍሬ ያለው ይህኛው ነበር፤ ሰዉ ስለ አንድ ሰው መነሣትና መቀመጥ ሳይሆን ስለ ኳሱ ራሱ ተከራክሯልና።

የሰውነት ቢሻው ነገር

ከብሔራዊ ቡድን አሰልጣኞች የሕዝቡን ፍቅርና ምሬት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለቱንም አብዝቶ የቀመሰው ሰውነት ቢሻው ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ ከተማው ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ጥሩምባ አደረ። በቀጣዩ ክረምት ዋዜማ ቡድኑ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን አሸንፎ ሳለ፣ በቅጣት ላይ የነበረው ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ነጠቀ። ያ ጥፋት የጽሕፈት ቤት ጥፋት ነበር፤ የቅጣት ደብዳቤ መከታተል የፌዴሬሽን ሥራ ነውና። ያም ሆኖ ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ደረሰ። በጥቅምት 2006 እዚሁ ስታዲየም በናይጄሪያ 2 ለ 1፣ በኅዳር ደግሞ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ።

እስከዚህ ድረስ ሕዝቡ ይቅር ባይ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተካሄደው ቻን (በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር) ግን ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ እንኳ ሳያስቆጥር ተሸንፎ ተመለሰ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ከዓመት በፊት በትከሻው ሊሸከመው የተጋፋው ሁሉ ስለ ቅያሪውና ስለ አሰላለፉ ይዘረዝር ጀመር። አሰልጣኙ ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በትልቅ ተስፋ ተተካ፤ ዓመት እንኳ በወጉ ሳይደፍን እሱም ሄደ።

ሜዳው ሲርቅ

በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ክለቦች በየሜዳቸው መጋጠማቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው የተወሰኑ ሳምንታትን እየተጫወቱ ወደ ሌላው መዘዋወር ጀመሩ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። አዲስ አበባ ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ተብሎ ከአህጉራዊ ጨዋታ ታገደ፤ ለእድሳትም ተዘጋ። ብሔራዊ ቡድኑም አገር አልባ ሆነ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ እየተመራ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው፤ ያንን ጨዋታ የአዲስ አበባ ሰው «በሜዳችን» ተብሎ በቴሌቪዥን አየው።

የዚህ ለውጥ ውጤት በቂ ትኩረት አላገኘም። ለከተማው ደጋፊ የጊዮርጊስ አሰልጣኝ ከማንቸስተሩ አሰልጣኝ እኩል ራቀ። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ድረስ የሚከተል ጽኑ ደጋፊ ቢኖርም የብዙኃኑ ቁጣ ስክሪን ላይ ነው የሚያርፈው። አሰልጣኙ ፉጨቱን አይሰማም፤ ቦርዱም በጥላ ፎቅ ተቀምጦ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ከመስማት ተገላገለ።

ዲኤስቲቪ ቤት

አሁን የምሬቱ ዋና ማደሪያ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሞ የዕለቱ ጨዋታዎች በጠመኔ ይጻፉበታል፤ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ነው። የእንግሊዝ የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ እዚያ ክረምት ሲሆን ምሽት 12 ሰዓት ላይ፣ በጋ ሲሆን 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ የተጠቀጠቀ ሰው፣ ፊት ለፊት አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን። የመግቢያው ዋጋ ለትልቅ ጨዋታ ከፍ ይላል። አጠገቡ የውርርድ ቤት ካለ ደግሞ ቁጣው በኪስ በኩልም ይመጣል፤ አሰልጣኙ አጥቂ አውጥቶ ተከላካይ ሲያስገባ ቲኬት ይቀደዳል።

በዚህ ቤት የምሬቱ ሞተር ብሽሽቅ ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ አሰልጣኙ እንዲባረር የሚመኘው ለዋንጫ ብቻ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ የሚጠብቀውን የአርሰናል ደጋፊ ስለሚፈራ ነው። የአርሰናሉ በበኩሉ የተቀናቃኙ አሰልጣኝ እንዳይባረር ከልቡ ይማጸናል፤ «ተዉት፣ ጊዜ ስጡት፣ ጎበዝ ሰው ነው» ሲል ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ አይታይም።

ዩናይትድ ለዚህ ብሽሽቅ የማይነጥፍ ስንቅ ሰጥቷል። (በዚህ ክፍል ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።) አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ጡረታ ከወጡ በኋላ ዴቪድ ሞየስ ዓመት ሳይሞላው በሚያዝያ 2014 ተባረረ፤ ከመባረሩ በፊት ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው በኦልድ ትራፎርድ ሰማይ ላይ ይሂድልን የሚል ጽሑፍ የሚጎትት አውሮፕላን አብርረውበታል። ሉዊ ቫን ሃል በ2016 የኤፍ ኤ ካፕን ባነሣ በሁለተኛው ቀን ተሸኘ። ሞሪኒሆ በ2018፣ ሶልሻየር በ2021 ተከተሉ። ኤሪክ ቴን ሃግ በዌስትሃም 2 ለ 1 በተሸነፈ ማግስት፣ ሰኞ ጥቅምት 28 ቀን 2024 ተሰናበተ። ሩበን አሞሪም ተተክቶም ክለቡ ያንን ውድድር ዓመት 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ የዩሮፓ ሊግን ፍጻሜም በቶተንሃም ተነጠቀ። ሰው ቢለዋወጥ የቤቱ ችግር ያው መሆኑን ለማየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር። ሆኖም በፒያሳና በአራት ኪሎ የተጠየቀው ቀጣዩ ማን እንደሆነ ብቻ ነበር።

በየቤቱ አንድ አንጋፋ ደጋፊ አይጠፋም፤ ሥራው ፈርጉሰንን መጥቀስ ነው። ሰውዬው በ1986 መጥተው የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኙት በ1993 መሆኑን፣ በ1989 የራሳቸው ደጋፊዎች ይሂዱ ብለው ጨርቅ እንደሰቀሉባቸው ያስታውሳል። ወጣቶቹ ይህን ደጋግመው ስለሰሙት አያዳምጡትም። ከእሱ የሚሻለው ምስክር የአርሰናሉ አሰልጣኝ አርቴታ ነው፦ በነሐሴ 2021 አርሰናል የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ምንም ግብ ሳያስቆጥር ተሸንፎ፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተቀጥቶ ከሰንጠረዡ ግርጌ ሲቀመጥ፣ በመሀል አዲስ አበባ የሚደግፈው ሰው ማግኘት አዳጋች ነበር። ከ2023 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሲሆን «እኔ ከመጀመሪያውም አምኜበት ነበር» የማይል ጠፋ።

የማይወረድባቸው

የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በ2016፣ የካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች አብረው ሄዱ። ደንበኛው ወደ ጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ተበተነ፤ ጨዋታውን እዚያ ያያል፣ ጭቅጭቁን ግን አሁንም መሀል ከተማ ሥራ ቦታው ይዞት ይመጣል። ጠዋት ጠዋት የኤፍ ኤም ሬዲዮ የስፖርት ዝግጅቶች በየታክሲው የሚያቀብሉት ወሬም ለዚሁ ጭቅጭቅ ማገዶ ነው።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ስማቸው የማይነሣ ሰዎች አሉ። አሰልጣኙን የቀጠረው ቦርድ፣ ተጫዋቾቹን ያስፈረመው ሥራ አስኪያጅ፣ በየዓመቱ ግማሽ ቡድን አፍርሶ እንደ አዲስ የሚገነባው የዝውውር አሠራር ከቁጣው ውጪ ናቸው። አብዛኞቹ የሊጉ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው ተጠያቂ ባለቤት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ጊዮርጊስና ቡና ግን ሕዝባዊ ክለቦች ናቸው፤ በደጋፊ ማኅበር የታቀፈ፣ መታወቂያ የያዘ፣ መዋጮ የሚከፍል አባል አላቸው። ያ አባል የመጠየቅ መብት አለው። ስብሰባ ሲጠራና ማይክሮፎን ሲሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው በመጨረሻው ጨዋታ ሁለተኛው አጥቂ ለምን ዘግይቶ እንደገባ ነው።