«አርባ ኤከርና አንዲት በቅሎ»

ሰሞኑን ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የአገሬ ልጅ ሥራ የማይወድ ዘመዱን ሲያማ «እሱማ አርባ ኤከርና በቅሎውን እየጠበቀ ነው» አለ። ጆሮዬን ቆረቆረኝ። አባባሉ ከባርነት ነፃ ለወጡ ጥቁር አሜሪካውያን የተገባ የመሬት ተስፋ ነው እንጂ የምጽዋት ጠባቂ አይደለም። ለሰነፍ የሚሆን ስድብ በአማርኛ ሞልቷል።

ነገሩ የሚጀምረው በጥር 1865 በፈረንጆቹ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን በደቡቧ ሳቫና ከተማ 20 ጥቁር ሰባኪዎችን ሰብስበው ምን እንደሚሹ ጠየቁ። ቃል አቀባያቸው የ67 ዓመቱ ጋሪሰን ፍሬዚየር ነበር። መሬት ይኑረን፣ በጉልበታችን አርሰን ራሳችንን እንችላለን አለ። በአራተኛው ቀን ትእዛዝ ወጣ፦ ለአንድ ቤተሰብ ከባሕር ዳርቻው መሬት እስከ 40 ኤከር። በእኛ ልክ ግማሽ ጋሻ እንኳ አይሞላም።

ትእዛዙ ላይ ግን በቅሎ የለችም!

በእኛ ሰፈር በቅሎ ክብር ነበረች። አያቴ ለበዓል ሲወጡ ኮርቻዋ ይወለወላል፣ እርካብ የምይዘው እኔ ነኝ። በቅሎ ጠምዶ የሚያርስ ቢያዩ አብዷል ይሉ ነበር፤ ለእርሻው በሬ አለ። በአሜሪካ ደቡብ ግን የጥጥ ማሳ የምታርሰው እሷ ናት። ሙቀት ትችላለች፣ ትንሽ በልታ ብዙ ትሠራለች። ሠራዊቱም ለአንዳንዶቹ ያረጁ በቅሎዎች ሰጥቷል፤ ከዚያ መጣ ይባላል። እኔ ግን በቅሎዋን የጨመሯት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው ባይ ነኝ። በሬ የሌለው ሰው መሬት ቢኖረውም መቀናጆ ፍለጋ ደጅ ይጠናል፣ ካልሆነም ለእኩል ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ እንጂ ጄኔራል አይደለም።

በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶቹ መለሰው። ነፃ የወጣው ሕዝብ የእኩል አራሽ ሆኖ ቀረ። ድምፅ መስጠትም የባለመሬቱን ፊት እያዩ ሆነ። በ1962 ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሯ የእርሻ ሠራተኛ ፋኒ ሉ ሄመር በመራጭነት ልትመዘገብ ሞከረች። 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ የተባረረችው በዚያው ቀን ነው።

መምህራን ይህን ሁሉ ዘለው ሦስት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ልጆቹም በዘር ምክንያት ድምፅ መስጠት እንዳይከለከል ያዘዘው 15ኛው በስንት ዓመት ጸደቀ ሲባሉ 1870 ብለው ማርካቸውን ያገኛሉ። ሄመር ስትባረር ግን ማሻሻያው 92 ዓመቱ ነበር። ይህን ማን ይጠይቃቸው?