በውሻ ውድድር «ስታንዳርድ» ምን ማለት ነው?

በጎንደር ለረጅም ዓመታት ጀርመን ሼፐርድ ሳረባ፣ ቡችላ ሊገዙ አዘዞ ወደሚገኘው ቤቴ የሚመጡ ሰዎች «ስታንዳርዱን የጠበቀ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ስለ ሲሚንቶ ጥራት እንደሚጠይቁ ማለት ነው።

በውሻ ውድድር ግን ስታንዳርድ ማለት የአንድ ዝርያ ምርጥ ውሻ ቁመቱ፣ አካሄዱ፣ ጠጉሩና ጠባዩ ምን መምሰል እንዳለበት የሚዘረዝር ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የውሻ ፌዴሬሽን ለጀርመን ሼፐርድ ባወጣው ቁጥር 166 ስታንዳርድ መሠረት፣ ወንዱ ከትከሻው ጫፍ እስከ መሬት ከ60 እስከ 65፣ ሴቷ ደግሞ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው፤ ከዚህ ልክ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የወጣ ከውድድር ይሰረዛል። ነጭ ጠጉርም ያሰርዛል፣ ምንም እንኳ ነጩን ብለው የሚለምኑኝ ደንበኞች ባይጠፉም።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የዳኛው ሥራ ነው። በከብት ገበያ በሬ የሚመርጥ ገበሬ አንዱን ከሌላው ጋር ያስተያያል፤ ዳኛው ግን እያንዳንዱን ውሻ አስቀድሞ የሚመዝነው ከጽሑፉ ጋር ነው፣ ደረጃ የሚሰጠውም ወደ ጽሑፉ ይበልጥ ለቀረበው ነው። ስለዚህ በር ላይ አንበሳ ያክላል ተብሎ የሚደነቅ ውሻ በግዝፈቱ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። ጽሑፉ በቃላት የተጻፈ በመሆኑ ሁለት ዳኞች አንዱን ውሻ በተለያየ ደረጃ ቢያስቀምጡት ግድፈት አይደለም። ሆኖም ስታንዳርዱ ቀጥ ያለ ጀርባና በመጠኑ ብቻ ያዘቀዘቀ ዳሌ እያለ፣ ከልክ በላይ ቁልቁል የወረደ ጀርባን መሸለም ለእኔ ጽሑፉን እንዳላነበቡት ይቆጠራል።