ኤምኤስ ምንድን ነው? ጉዳቱስ እንዴት ይጠራቀማል?

ኤምኤስ፣ ሙሉ ስሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር በሽታ ነው። የገዛ ሰውነታችን በሽታ ተከላካይ ተሳስቶ ማይሊንን ያጠቃል። ማይሊን በነርቭ ክሮች ላይ የተጠቀለለ ሽፋን ነው፤ ልክ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ላስቲክ። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ፓሪስ፣ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በሽታውን በ1868 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ገለጸው።

አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ሴቶች ላይ ይበዛል። ከ100 ታማሚዎች 85 ያህሉን የሚይዛቸው ብቅ ጥፍት እያለ ነው። አንድ ዓይን ይደበዝዛል፤ ሲያንቀሳቅሱት ያማል። ወይም እግር ይደነዝዛል። ሳምንታት ቆይቶ ይለቃል። ሰውም "ተሻለኝ" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚያዘናጋው ይሄ ነው።

ምክንያቱም ጉዳቱ የሚጠራቀመው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፦ በሽታው ባገረሸ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ የሆነ ነገር ጥሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ድምፅ የለውም። በሽታው የተኛ በሚመስልበት ጊዜም አንጎል ውስጥ ጥቃቱ ይቀጥላል፤ የነርቭ ክሩ ራሱ ይበጠሳል። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ክር ደግሞ አንዴ ከተበጠሰ መልሶ አይበቅልም። አንጎል ለጊዜው በሌላ መንገድ እየዞረ ጉድለቱን ይሸፍናል። መጠባበቂያው ሲያልቅ ግን አካሄድ ይበላሻል። ለቤተሰብ ድንገት የመጣ ይመስላል እንጂ ጉዳቱ የቆየ ነው። ብቅ ጥፍት ይል የነበረው በሽታ ከዓመታት በኋላ ዝም ብሎ ወደ መባስ የሚሻገረውም በዚህ መንገድ ነው። ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ይብሳል።

ሐኪሞች የጉዳቱን መጠን የሚለኩት ከ0 እስከ 10 ባለው ኢዲኤስኤስ በሚባል መለኪያ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኩርትዝኬ ነው። 4 ላይ ያለ ሰው ያለ ድጋፍና ያለ እረፍት 500 ሜትር ይራመዳል። 6 ላይ 100 ሜትር ለመሄድ ከዘራ ያስፈልገዋል። 7 ሲደርስ ዊልቸር ነው። እንደ እኔ መለኪያው እግር ላይ ያተኩራል። የኤምኤስ ድካም ግን ተኝተው የሚነሱት ዓይነት ድካም አይደለም። ሽንት ማስቸገሩ፣ ሐሳብ መበታተኑ፣ እነዚህም ከሥራ ያስወጣሉ። "እየተራመድክ ምን ሆንክ?" መባሉ ታማሚውን የሚያበሽቀው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ወይም ትኩሳት ሲይዝ ምልክቱ ቢብስ አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። የተላጠ ነርቭ ሙቀት አይስማማውም። ሰውነት ሲበርድ ምልክቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መድኃኒቱስ? ኢንተርፌሮን ቤታ ከሚባሉት መድኃኒቶች የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እየባሰ ለሚሄደው ዓይነት ግን እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ የተፈቀደ አልነበረም፤ ያኔ ኦክሬሊዙማብ መጣ። መድኃኒቶቹ ግርሻን በደንብ ይቀንሳሉ። ድምፅ አልባውን ጉዳት ማስቆም ላይ ገና ደካማ ናቸው፤ የተበጠሰውንም አይቀጥሉም። ስለዚህ ሐኪሞች ከዘራ እስኪያዝ አይጠብቁም። ታማሚው ደህና እያለ ያስጀምራሉ፣ ምልክት ባይኖርም በኤምአርአይ፣ የአንጎልን ምስል በሚያነሳው መሣሪያ፣ ይከታተላሉ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም እንዲያቆም ይወተውታሉ፣ ማጨስ በሽታውን ያፈጥነዋልና።