«ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው»፦ ለማን ነው የምንለው?

ጥብቆ ልጆች የሚለብሱት አጭርና ጠበብ ያለ ልብስ ነው። «ጥብቅ» ከሚለው ቃል ጋር ዝምድናው ሲጠሩት ይሰማል። የምሳሌው ሥዕል ቀላል ነው። ሰው ሲወለድ እላዩ ላይ ክር እንኳ የለም፤ ስለዚህ ያቺ ጠባብ ጥብቆ ብትሆንም ከባዶ ተነስቶ ያገኛት ናት። «መች» የምትለዋ ቃል ጥያቄ ትምሰል እንጂ መልስ አትጠብቅም። «በቃው እንጂ!» ማለት ናት።

ሐሳቡ መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው እንግዳ አይደለም። ኢዮብ ሀብቱና ልጆቹ ባንድ ቀን ከእጁ ሲወጡ ያለው ይህንኑ ነው፤ ራቁቴን ከእናቴ ማኅፀን ወጣሁ፣ ራቁቴን እመለሳለሁ አለ። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (1ኛ ጢሞ. 6፥7-8) ወደ ዓለም ያመጣነው ነገር የለም፣ ይዘነው የምንሄደውም የለም፣ ምግብና ልብስ ካለን ይበቃናል ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው እንግዲህ ብዙ ሰው አሳስቶ የሚጠቅሰው ቃል ያለው። «ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» አይልም፤ «ገንዘብን መውደድ» ነው የሚለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ጳውሎስ ዝቅ ብሎ ለባለጠጎች ሲናገር ሀብታችሁን ጣሉት አላላቸውም፣ ተስፋችሁን እሱ ላይ አትጣሉ፣ ለመስጠትና ለማካፈል የተዘጋጃችሁ ሁኑ ነው ያላቸው።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ይህን ምሳሌ ሰው ለራሱ ሲለው ምስጋና ነው። ለሌላው ሲለው ግን ስድብ ይሆናል። አንዱ ችግረኛ ትንሽ ነገር ተሰጥቶት ፊቱ ካልፈካ፣ «ደግሞ ሊያንሰው ነው? ራቁቱን ለተወለደ…» ይባልበታል። የሚለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ልብስ የለበሰ ነው! ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወቀሰው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ራቁቱን የሆነውን ወንድሙን «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን። ራቁቱን የተወለደው እሱ ብቻ ነው እንዴ? እኛስ?

ለራሳችን ማለቱ ነው የከበደን። ስልካችንን በከፈትን ቁጥር የሰው ቤት፣ የሰው መኪና፣ የሰው ጫማ ይመጣል። ጠዋት ልካችን የነበረው ልብስ ማታ ይጠበናል። ልብሱ አልተኮማተረም፣ እኛም አላደግንም፤ ዓይናችን ሌላ ሰው ላይ ስለዋለ ነው። ከዚያ ብድር፣ ከዚያ በየወሩ ክፍያ፣ ከዚያ ለአሥራት ሲደርስ «በዚህ ወር አልተመቸኝም»።

መጋቢ የሚለው ቃል ዛሬ የአገልጋይ ማዕረግ ሆኖ ነው የምናውቀው። በሉቃስ 16 ግን መጋቢ የጌታውን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ጌታውም ጠርቶ ሒሳብህን አስረክብ ይለዋል። ባለቤት ሌላ፣ መጋቢ ሌላ። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ንብረቱን ሲያይ መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ባለቤቱ ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ ነው።

በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለዚያ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ ሲሰብክ፣ ሣጥንህ ውስጥ የቆለፍክበት ልብስ የራቁቱ ሰው ነው ብሏል። የአንተ ትርፍ አላለም፣ የእሱ ነው ነው ያለው። መጥምቁ ዮሐንስም ከዚያ በፊት ሕዝቡ ምን እናድርግ ሲለው፣ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ነበር መልሱ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቁም ሣጥኔን ከፈትኩ። መለያ ወረቀቱ እንኳ ያልተቆረጠለት ሸሚዝ ተሰቅሎ አገኘሁ። ለምን እንደገዛሁት ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። አጠገቡ ሁለት ወፍራም ጃኬቶች ነበሩ። ሸሚዙን ያን ሳምንት ለሚያስፈልገው ሰው ሰጠሁት፣ ይህ ብዙም አልከበደኝም። ሁለተኛው ጃኬት ግን እስካሁን እዚያው አለ። ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ ስለሱም እየጸለይኩ ነው።