1 ዲግሪ ውሃ እንዴት «ሞቃት» ይባላል?

በምዕራብ አንታርክቲካ፣ ባሕር ላይ በተንሳፈፈው የትዌይትስ የበረዶ ግግር ጫፍ ስር «ሞቃት ውሃ» እየገባ ነው ይባላል። ሙቀቱ ግን 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እጅ ያደነዝዛል እኮ!

ነገሩ ወዲህ ነው። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ላይ ላዩን በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ግፊቱ ይጨምራል። በዚህም የተነሳ 1 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው በረዶ የሚሆንበት ሙቀት (መቀዝቀዣ ነጥቡ) ከዜሮ በታች ወደ 2.6 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ያ 1 ዲግሪ ውሃ ከመቀዝቀዣ ነጥቡ ከ3 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በረዶ ለማቅለጥ ይበቃል፤ ይተርፋልም።

የባሰው ደግሞ አለ። የቀለጠው ውሃ ጨው ስለሌለው ቀላል ነው፤ የበረዶውን ሆድ እየታከከ ወደ ላይ ይወጣል። በምትኩ ከታች ሌላ ሞቃት ውሃ ይሳባል። መቅለጡ ራሱ መቅለጥን ይጠራል። ከላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች ቢሆንም ይህ አይቆምም።