ኮንቨርቲብል የገዛ ሰው ይጸጸታል?

ኮንቨርቲብል ጣሪያው ታጥፎ የሚከፈት መኪና ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ሒሳብ ቢሠራ አይገዛውም። ከዚያው ሞዴል ድፍን ጣሪያ ካለው ይወደዳል፣ ይከብዳል፣ የሚይዘው ዕቃ ያንሳል፣ ውስጡም ይጮኻል። ገዢው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ እያወቀም ይገዛል። ታዲያ ቆይቶ ይቆጨዋል ወይ?

አንዳንዱን በደንብ ይቆጨዋል። እንደ እኔ እይታ ግን ጣሪያው መከፈቱ ብቻውን ማንንም አያስቆጭም። የሚቆጨው ያለው መኪና እሱ ብቻ የሆነ፣ መኪናው ደጅ የሚያድር፣ ውሎውም ፈጣን መንገድ ላይ የሆነ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ሦስቱም ከተገናኙ መኪናው ለሽያጭ የሚወጣበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ሁሉም ክፍት የነበረበት ጊዜ

መኪና ሲጀመር ክፍት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይዘረጋል፣ በጎን በኩል መጋረጃ ይታሰራል፣ በቃ። ዝግ መኪና የሀብታም ነበር። በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ሃድሰን ኤሴክስ የተባለውን ዝግ መኪና ከክፍቱ እምብዛም በማይርቅ ዋጋ አወጣ። በ1925 ጭራሽ ዝጉ ከክፍቱ ረከሰ። ገዢው ወደ ዝጉ ነጎደ። ከዚያ ወዲህ ክፍት መኪና መግዛት የምርጫ ጉዳይ ሆነ፤ «ምነው ያኛውን በወሰድኩ» ማለትም አብሮ መጣ።

ፋብሪካዎቹም ክፍቱን መኪና እንዲመች ለማድረግ ብዙ ደከሙ። በ1939 ፕሊማውዝ በእጅ መጎተት ሳያስፈልግ በቫኪዩም (አየር በመምጠጥ በሚገኝ) ጉልበት የሚከፈት ጣሪያ አቀረበ። በ1957 ፎርድ ስካይላይነር በተባለው መኪናው ሙሉ የብረት ጣሪያ አጥፎ ኋላ ኮፈኑ ውስጥ አስገባ። ለዚህ ብቻ ከ180 ሜትር በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በርካታ ሞተሮችና ማብሪያ ማጥፊያዎች ገጠመለት። ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ግን ጣሪያው ሲታጠፍ ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ አልነበረም ማለት ይቻላል። ወደ 48 ሺህ ገደማ ተመርቶ በ1959 ቆመ።

በጸጸት ታሪክ ውስጥ ግን የካዲላክ ኤልዶራዶን የሚያህል የለም። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የመገልበጥ አደጋን የሚመለከት ጠንካራ ሕግ ይመጣል ተብሎ ተፈራ፤ የገዢውም ቁጥር ቀንሶ ነበር። ኩባንያዎቹ አንድ በአንድ ክፍት መኪና መሥራት አቆሙ። የ1976ቱ ኤልዶራዶ «የመጨረሻው የአሜሪካ ኮንቨርቲብል» ተብሎ ተሸጠ። ሰዎች ወደፊት ዋጋው ሰማይ ይነካል ብለው ገዝተው ሸፍነው አስቀመጡት። የተፈራው ሕግ ሳይመጣ ቀረ። በ1982 ክራይስለር «ለባሮን» የተባለ ክፍት መኪና ይዞ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ካዲላክ ራሱ አዲስ ክፍት ኤልዶራዶ አወጣ። ቀድመው የገዙት ተታለልን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም። እነዚህ ሰዎች የተጸጸቱት መኪናውን ነድተው አይደለም፤ ሳይነዱት ነው።

ጣሪያው ሲነሳ የሚጎድለው

ጣሪያ ከዝናብ መከለያ ብቻ ይመስላል። የመኪናው ቦዲ ግን ጥንካሬውን የሚያገኘው ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ጣሪያው አንድ ላይ ተያይዘው ሳጥን ስለሚሠሩ ነው። ጣሪያው ሲነሳ ሸክሙ ሁሉ ወለሉ ላይ ይወድቃል። አሮጌ ኮንቨርቲብል ጎማ ሊቀየርለት በአንድ ጥግ በኩል በክሪክ ሲነሳ በሩን ለመዝጋት ሞክሩ። አንዳንዱ እሺ አይልም፤ ቦዲው በጥቂቱ ተጣሟል ማለት ነው። በሸካራ መንገድ ላይ ደግሞ የውስጡ ስፖኪዮ ሲንቀጠቀጥ፣ መሪውና ዳሽቦርዱም አብረው ሲርገበገቡ ይታያል።

መሐንዲሶች መፍትሔው አልጠፋቸውም። ከበሮቹ ሥር ያለውን ብረት ያወፍራሉ፣ ከወለሉ በታች ማጠናከሪያ ያስራሉ፣ የፊት መስታወቱን ፍሬም ያጠነክራሉ። ብረት ሲጨመር ግን ክብደት ይጨመራል፤ ክብደት ሲጨመር ነዳጁም ፍጥነቱም ይነካል። ለዚህ ነው ድፍን ሆኖ ተነድፎ ኋላ ላይ ጣሪያው የተቆረጠለት መኪና፣ ከመጀመሪያው ክፍት እንዲሆን ከታሰበው ጋር የማይወዳደረው። በ1989 የመጣው ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የዚህኛው ወገን ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የተነደፈውም ለዚሁ ነው። በ2016 የተመረተው ብዛት አንድ ሚሊዮን ሞላ፤ በክፍት ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪናዎች ሽያጭም የሚስተካከለው የለም።

መገልበጥንም ሳያስቡበት አልቀሩም። በ1965 ለሕዝብ የታየው «ፖርሸ 911 ታርጋ» የተባለው መኪና ከመቀመጫው ኋላ ወፍራም ቅስት ነበረው፤ ሐሳቡ የመጣው ያኔም ከነበረው ተመሳሳይ የአሜሪካ ሕግ ፍራቻ ነው። በ1989 መርሴዲስ ኤስ ኤል ላይ የተገጠመው ቅስት ደግሞ ተደብቆ ይቆይና መኪናው ሊገለበጥ ሲል በ0.3 ሰከንድ ብቅ ይላል።

ሸራ ወይስ የሚታጠፍ ብረት?

ገዢዎች በብዛት የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። የሚታጠፍ የብረት ጣሪያ ሁለቱንም እንደሚሰጥ ቃል ይገባል፦ ሲዘጋ ድፍን መኪና፣ ሲከፈት ክፍት መኪና። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ ፔጆ ላይ የሠራው ፈረንሳዊው ዦርዥ ፖሊን ነው፤ የሚገርመው ሰውየው በሙያው የጥርስ ሐኪም ነበር። ሐሳቡን እንደገና ያነሳው በ1996 የወጣው መርሴዲስ ኤስ ኤል ኬ ነው። ከዚያ ፔጆ 206 ሲሲ፣ ቮልስዋገን ኢኦስ፣ የቢ ኤም ደብሊው ዜድ 4 እያለ ገበያው በሚታጠፍ ብረት ተሞላ።

ከዚያ ወደኋላ ተመለሱ። ዜድ 4 በ2018፣ የቢ ኤም ደብሊው 4 ሲሪስ በ2020፣ መርሴዲስ ኤስ ኤል በ2021 ብረቱን ትተው ወደ ሸራ ገቡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የብረት ጣሪያ ይከብዳል፣ ተጣጥፎ ሲገባ የኋላውን ኮፈን ይሞላል፣ እሱን ለመያዝ ሲባልም የመኪናው ኋላ ቅርጹ ይወፍራል። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ሻንጣውን ከጣሪያው የሚለይ መጋረጃ አለ። መጋረጃው ተጎትቶ ቦታው ካልያዘ ጣሪያው ንቅንቅ አይልም። ሰውዬው ቁልፉን ይጫናል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጫናል፤ መኪናው ተበላሸ ብሎ መካኒክ ጋ ሲደውል ችግሩ ያ ጨርቅ ሆኖ ይገኛል። ይህ ቀላሉ ነው። ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ሃይድሮሊክ ዘይት ማፍሰስ ከጀመረ ወይም አንድ ሴንሰር ካኮረፈ ግን ጣሪያው እኩል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ያኔ ኪስ ይራቆታል። ሁለት ወዶ አይሆንም እንደሚባለው፣ ሁለቱንም የፈለገ ገዢ ብዙውን ጊዜ የሁለቱንም ጣጣ ይከፍላል።

ሸራው በተራው ያረጃል። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ስፌቱ ይላላል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ብዙ ንጣፍ ያለው፣ ድምፅና ብርድ የሚከላከል ስለሆነ የድሮውን ሸራ ያየ ሰው አያምነውም። የኋላ መስኮቱም ተሻሽሏል። የመጀመሪያው ኤም ኤክስ 5 የፕላስቲክ መስኮት ነበረው። ጥንቁቅ ባለቤት ጣሪያውን ከማውረዱ በፊት የመስኮቱን ዚፕ ፈትቶ ለብቻው ያስተኛዋል፤ አለዚያ ፕላስቲኩ ይታጠፍና ከጊዜ በኋላ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ቀጣዩ ትውልድ ላይ መስታወት ሆነ፤ ጣጣው አበቃ።

የሚያስመርረው

ከሁሉም በላይ ውኃ። ሰው ኮንቨርቲብል የሚያፈሰው ሸራው ስለሚቀደድ ይመስለዋል። በብዙ መኪናዎች ግን ከሸራው ላይ የወረደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ባለ ቦይ ተሰብስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ እንዲወርድ ነው የተሠራው። መኪናው ዛፍ ሥር ካደረ ያ ቱቦ በቅጠልና በአቧራ ይደፈናል። ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፉን ያርሳል፣ ከበሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ይተኛል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያውቀው በጠረኑ ነው፤ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በእንፋሎት ይታፈናል። ዝገቱ ሲታይ ጊዜው አልፏል። መከላከያው እኮ ቀላል ነው፦ ቱቦውን በዓመት ሁለቴ በሚለመጥ ለስላሳ ነገር መጥረግና የመስኮትና የጣሪያ ላስቲኮቹን ማጽዳት። ይህን የሚያደርግ ሰው ስለ ውኃ ሲያማርር ብዙም አይሰማም።

ድምፅ ሌላው ነው። ለረጅም ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ መስማት ጆሮን እንደሚጎዳ የሥራ ጤና ባለሙያዎች ይናገራሉ። ጣሪያው ተከፍቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲነዳ ብዙ መኪናዎች ይህን ያልፋሉ። የጎን መስኮቶችን ከፍ ማድረግና ከመቀመጫው ኋላ የነፋስ መከላከያ መትከል ብዙ ይረዳል። ከጎን ካለው ሰው ጋር ማውራት ግን ጩኸት ይፈልጋል። በየቀኑ ረጅም ፈጣን መንገድ የሚነዳ ሰው ጣሪያውን ዘግቶ ነው የሚሄደው፤ ዘግቶ ከሄደ ደግሞ ለማይጠቀምበት ነገር ከፍሏል።

ፀሐይም የሚታሰበውን ያህል ወዳጅ አይደለችም። አዲስ ገዢ የመጀመሪያው ሳምንት ቀትር ላይ ከፍቶ ይነዳል። አናቱ ይቃጠላል፣ አፍንጫው ይላጣል። ልምድ ያለው ጠዋትና ማታ ይከፍታል፣ ኮፍያ አይለየውም፣ ቀትር ላይ ዘግቶ ማቀዝቀዣ ያበራል። ለማያውቅ ሰው እብደት የሚመስለው ደግሞ ብርድ ላይ መክፈት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ መስኮቶቹን ከፍ አድርጎ ማሞቂያውን እግር ላይ መልቀቅ ብዙዎች ከበጋው ቀትር ይልቅ የሚመርጡት ነው። መርሴዲስ በ2004 ኤስ ኤል ኬ ላይ ከራስ መደገፊያው አንገት ላይ ሙቅ አየር የሚነፋ ዕቃ የገጠመው እነዚህን ሰዎች አይቶ ነው።

ሌባም አለ። ሸራ በምላጭ ይቀደዳል። አንዳንድ ባለቤቶች ውስጡ ምንም ሳያስቀምጡ በሩን ሳይቆልፉ ያድራሉ፤ ሌባው ሸራውን ከሚቀድ በሩን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ቢያይ ይሻላል ብለው። ኢንሹራንሱ በዚህ እንደማይስማማ ግን መጠርጠር ደግ ነው።

የማይቆጫቸው እነማን ናቸው?

ጣሪያው ቶሎ የሚከፈትላቸው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቁ መለያ ነው። በእጅ የሚከፈተው ኤም ኤክስ 5 ላይ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ መያዣውን ፈትቶ ሸራውን በአንድ እጅ ወደኋላ ይወረውረዋል፤ ጥቂት ሰከንድ ነው። በሰዓት እስከ 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ የሚከፈቱም አሉ። እንዲህ ያለው ጣሪያ ለአምስት ደቂቃ መንገድም ይከፈታል። መኪናው ቆሞ፣ ሻንጣ ተነስቶ፣ መጋረጃ ተጎትቶ፣ ሃያ ሰከንድ ተጠብቆ የሚከፈተው ግን «ዛሬ ይቅር» እየተባለ ወሩ ያልቃል። የማይከፈት ኮንቨርቲብል ውድ፣ ከባድና ጠባብ መኪና ነው፤ ባለቤቱም ቢቆጨው አይፈረድበትም።

ቁጭት በሌላው ወገንም አለ። «ለኑሮ ይመቻል» ብሎ ድፍኑን የወሰደ ሰው፣ በጥሩ ቀን ያንኑ መኪና ክፍት ሆኖ ከጎኑ ሲያልፍ ልቡ አብሮ ይሄዳል። ሌላው ልጅ ሲወለድ ክፍቱን ይሸጥና ልጁ ሲያድግ ተመልሶ ይገዛል። ልጅ ያለው ሰው በእርግጥ መጠንቀቅ አለበት። አራት መቀመጫ አለው የሚባለው ኮንቨርቲብል የኋላው ጣሪያው ስለሚታጠፍበት ጠባብ ነው፣ መደገፊያውም ቀጥ ያለ ነው፣ ነፋሱ የሚበረታውም እዚያ ነው። ፊት የተቀመጠው እየተዝናና ኋላ ያለው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው።

አዲስ ገዢ የሚመርጥበት ገበያ እየጠበበ ነው። ኢኦስ በ2015፣ የቮልስዋገን ቢትል በ2019፣ የመርሴዲስ ኤስ ኤል ሲ በ2020፣ ኦዲ ቲቲ በ2023 ተቋርጠዋል። ገዢው ቁመታቸው ከፍ ወዳሉ መኪናዎች ሄዷል። ሬንጅ ሮቨር ኢቮክን ጣሪያውን አንስተው በ2016 ቢሞክሩት በ2018 ቆመ። በኤሌክትሪክ በኩል ኤም ጂ ሳይበርስተር መጥቷል፤ የሞተር ድምፅ ስለሌለው የሚሰማው ነፋሱና ጎማው ብቻ ነው።

ስለዚህ ብዙ ሰው የሚገዛው ያገለገለ ነው። ሲገዛ ጣሪያውን ሻጩ ሳይሆን ራሱ ገዢው ሁለት ሦስቴ ይክፈተው፣ ይዝጋው፤ አንዴ መሥራቱ ምንም አያሳይም። ሞተሩ ጠፍቶ የጣሪያውን ፓምፕ ድምፅ ያዳምጥ። ምንጣፉን አንስቶ በእጁ ይዳብስ፣ ያሽትት። ከመቀመጫው ኋላ ባለው ቦይ ትንሽ ውኃ አፍስሶ ከመኪናው ሥር ሲወጣ ይይ። ሻጩ «በቅርቡ ስለታጠበ ነው» ብሎ እርጥብ ምንጣፍ ካሳየው፣ ሌላ መኪና ይፈልግ።