«ብሩን ለደመወዝ ነው የሚበሉት» እና ሌሎች የእድራችን ወሬዎች

የእድራችን ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ጀርባ ባለው ኮሚናል ውስጥ። በዓመት አንዴ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከተራረፈው መዋጮ ላይ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጥ ገንዘብ እንመድባለን። አጀንዳው ገና ሲነሳ ከኋላ ወንበር አንድ ባንክ የሚሠራ ጎረቤታችን ብድግ ይልና «እነዚህ ድርጅቶች ብሩን ለደመወዝና ለመኪና ነው የሚበሉት» ይላል። ጭንቅላት ይነቀነቃል። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ ጡረታ እስክወጣ 19 ዓመት የእነዚሁ ድርጅቶች ሒሳብ መርማሪ ነበርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁት የለ፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

አውቃለሁ። የማውቀው ግን እነሱ መስማት የሚፈልጉትን አይደለም። በቃል ስናገር ሰሚ ስላጣሁ ዘንድሮ በጽሑፍ ይሁንልኝ።

ትናንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላንሳ። «አሮጌ ልብስ መስጠትም ልግስና ነው» ይባላል። ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሟልቶ ከሆነ አዎ። ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ ግን ቁም ሣጥን ማጽዳት ነው። «ፈቃድ አላቸው» ይባላል። ፈቃድ ድርጅቱ መኖሩን ይናገራል፤ መሥራቱን አይናገርም። «ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ አንጀቴን በላችው» ለሚሉኝ፣ ያ የፎቶ አንሺው ሙያ ነው።

«ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ከሁሉ ይበልጣል» የሚለው ትንሽ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚናገሩት ደግ ሰዎች ናቸው። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው የሚሰማ ሰው ይደነግጣል። ብዙዎቹን እዚያ ያስገባቸው የወላጅ ሞት ሳይሆን ድህነት ነው። ለማሳደጊያው አልጋ የሚወጣው ገንዘብ ለእናትየው ቢደርሳት ልጁ ከቤቱ ባልወጣ ነበር። ሰው የሌለው ልጅ የለም አላልኩም፤ መጀመሪያ «እናቱ የት አለች?» ብላችሁ ጠይቁ ነው የምለው።

«ምጽዋት አይመረመርም። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ተብሏል።» ይህን የሚሉኝ በዕድሜ የምንከባበር እናት ናቸው፤ ፊት ለፊት አልከራከራቸውም። እዚህ ግን እላለሁ፦ ቃሉ የተነገረው ሰው እንዲያየው መለከት ለሚያስነፋ እንጂ ብሩ የት እንደደረሰ ለሚጠይቅ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ በዕለቱ እደላ አንዳንድ መበለቶች ችላ ተባሉ የሚል ቅሬታ ሲነሳ፣ ሐዋርያት «ዝም በሉ፣ ምጽዋት አይመረመርም» አላሉም። እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች በምእመናኑ አስመርጠው እደላውን በኃላፊነት ሰጧቸው። ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። ቁርአን፣ በተውባ ምዕራፍ አንቀጽ 60፣ ዘካ የሚሰጣቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር ከድኆችና ከምስኪኖች ቀጥሎ ሦስተኛ የተጠቀሱት ዘካውን የሚሰበስቡትና የሚያስተዳድሩት ሠራተኞች ናቸው። ደመወዝ ማለት ነው እንግዲህ። ኮሚናሉ ውስጥ ይህን ሲናገር የባንኩ ሰው ስልኩን ማየት ጀመረ።

እንግዲህ ወደ ዋናው መጣሁ፦ «የአስተዳደር ወጪው ያነሰ ድርጅት ይሻላል።»

ክትባት በራሱ እግር ሄዶ የሕፃን ክንድ ውስጥ አይገባም። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ የሚያመላልስ ሞተር ሳይክል፣ ነዳጅ፣ ልጆቹን የምትመዘግብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ የቱ ነው «ብክነቱ»? ልጃችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ «እዚህ ለደመወዝ የሚወጣው ስንት ከመቶ ነው?» ብላችሁ ካርድ አታወጡም። ይድናል ወይ ነው የምትሉት።

አገራችን ይህን ስህተት በሕግ ሞክራዋለች። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ፤ በሙያው «ሰባ ሠላሳ» እንለው ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ማስፈጸሚያ መመሪያው ግን ሥልጠናን፣ ክትትልና ግምገማን፣ የመስክ ትራንስፖርትን ሳይቀር አስተዳደር ውስጥ ከተተው። ነርስ ማሠልጠን «አስተዳደር» ሆነ፤ የተሰጠው ነገር ሠርቶ እንደሆነ ሄዶ ማየትም እንዲሁ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲመጣ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገና ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ግን ከአስተዳደር አወጣው። ያው ድርጅት፣ ያው ሥራ፣ ያው ሠራተኛ፣ በአንዱ ትርጉም አባካኝ፣ በሌላው ቁጥብ። ቁጥሩ የሚለካው ትርጉሙን ነው።

ይባስ ብሎ ቁጥሩን ማሳመር ቀላል ነው። የጥበቃውን ደመወዝ ከአስተዳደር ኮድ አንስቶ ፕሮጀክት ላይ መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌላም አለ፦ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት በዓይነት ይለገሳል፣ በውጭ ገበያ ዋጋ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፣ ሲታደል በዚያው ዋጋ ወጪ ይሆናል፣ ጠቅላላው ወጪ ያብጣል፣ የአስተዳደሩ ድርሻ ሦስት በመቶ ላይ ይወርዳል። ሰነዱ ሙሉ ነው፤ እኔም ቲክ አድርጌ አልፋለሁ።

አንዱን ግን አልረሳውም። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ቆላ ወረዳ ውስጥ የእጅ ፓምፕ ውኃ ያስቆፍር ነበር። የአስተዳደር ወጪው 9 በመቶ። ደረሰኙ በቀን በቀኑ፣ ጨረታው ንጹሕ፣ አንዲት ብር አልጠፋችም። «ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩ፤ አለቃዬም አመሰገነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ በዚያው ስናልፍ ሹፌሩን አስቆምኩት። ፓምፑ ደርቆ ቆሟል፤ እጀታው ላይ ፍየል ታስራለች። ሴቶቹ ጄሪካን ተሸክመው እንደ ድሮው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። የጎደለው አንድ የላስቲክ ጎሚኒ ነበር። ያንን የሚቀይር ሰው ከመንደሩ ማሠልጠን፣ የውኃ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ገጠር ድረስ እየሄዱ መከታተል ሁሉ «አስተዳደር» ስለሆነ ከበጀቱ ተቆርጦ ነበር። ቁርጡ ያማረውን 9 በመቶ አመጣ፤ የመንደሩንም ውኃ ወሰደ። የተቆረጠውን መስመር አይቼዋለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ «ጥሩ ቁጠባ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሌባ የለም እያልኩ አይደለም፤ ሌባ በእጄ ይዣለሁ። ሌባ የሚያዘው ግን በደረሰኝና በቆጠራ ነው፤ በፐርሰንት አይደለም። እንዲያውም ዕውቀት ያለው ሌባ ፐርሰንቱን ከሁሉ በላይ ያሳምራል።

«ገንዘብ በእጃቸው ከሰጠሃቸው ይጠጡበታል።» ይህ ድሀን ያለማወቅ ነው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከላቲን አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የተሰበሰቡ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ገንዘብ በቀጥታ ማግኘት ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣውን አልጨመረም። ሩቅ ሳንሄድ፣ በሴፍቲኔት ታቅፋ ማለዳ ማለዳ የእኛን ጎዳና ትጠርግ የነበረች ሴት ከዚያች ብር ቆጥባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። ዛሬ እኔም የባንኩ ሰውም የምንበላው የእሷን እንጀራ ነው።

«ችግር እዚሁ ሰፈራችን እያለ ሩቅ ምን አስኬደን?» ለጎረቤት መድረስ የእድር ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ግን እኛ የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአገራችን ወባ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ በወባ የሚሞት ልጅ ከቱሉ ዲምቱ በረንዳ አይታይም። አንድ የወባ አጎበር ከነማከፋፈያው አምስት ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ሁለት ሰው ያስተኛል፤ ሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው፣ ድርጅቶችን በውጤት የሚመዝነው ጊቭዌል አጎበርን ለዓመታት ከምርጦቹ ተርታ ያቆመው ለዚህ ነው። በትራኮማ የዐይኑ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ የተቀለበሰበት ገበሬም እንዲሁ ነው፤ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ታቃናለታለች። እሱም ከእኛ ሩቅ ነው።

«ምንም ይሁን፣ መስጠቱ ነው ዋናው» ለሚሉ፣ ኬንያ ቡሲያ የተደረገውን ላንሳ። ለትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ታደለ፤ አማካይ ውጤት ግን አልተንቀሳቀሰም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው፤ የተጠቀሙት ድሮም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ። እዚያው አካባቢ የአንጀት ትላትል መድኃኒት ሲሰጥ ከትምህርት ቤት መቅረት በሩብ ቀነሰ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። መጽሐፉን የሰጡት ሰዎች ልባቸው ክፉ ነበር የሚል አለ?

እና ምን እናድርግ ለምትሉ፦ ብራችሁን ለአሥር ድርጅት አትበትኑ፤ የመቶ ብር ደረሰኝ መቁረጥም ወጪ ነው። አንድ ሁለት ምረጡና በየወሩ ስጡ፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ብቻ የሚመጣ ብር ሠራተኛ አያስቀጥርም። «ለዱቄት ብቻ ይዋል» ብላችሁ አትሰሩት፤ ዱቄት ሞልቶ የማገዶ ብር ያጣ ድርጅት አይቻለሁ። ስትጠይቁም ይህን ጠይቁ፦ በዚህ ብር የስንት ሰው ምን ተለወጠ? እናንተ ባትኖሩ ያ ሰው ምን ይሆን ነበር? ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ አይታችኋል? አንድ የምወደው ጥያቄ ደግሞ አለ፦ ባለፈው ዓመት ያልተሳካላችሁ ነገር ምንድን ነው?

ዘንድሮ እድሩ ሦስት ሰው መርጦ ሁለት ድርጅት እንድናይ ላከን፤ የባንኩ ሰውም አንዱ ነው። የመጀመሪያው ቢሮ ኃላፊው ለመጨረሻው ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ተሳክቷል» ብሎ የሚያብረቀርቅ ብሮሹር ሰጠን። ሁለተኛው ዘንድ ያገኘናት ሴት ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ከመደርደሪያ ፋይል አወረደች። ለእናቶች ጫጩት አድለው ነበር፤ ከግማሽ በላይ በፈንግል አለቀ። ለምን ቀድመው እንዳላስከተቡ፣ መቼ እንዳቆሙት፣ የቀረውን ብር በምን እንደቀየሩት ከነቀኑ ተጽፏል። ሦስታችንም ያለ ክርክር እሷን መረጥን።

ታክሲ እስኪመጣ ቆመን ሳለ የባንኩ ሰው ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ሴትየዋ ግን ደመወዟ ስንት ይሆን?»